ሙሉው ጠርሙስ፦ ስለ ቤተ ሙከራ እንስሳት ሐኪሞች ሰበታ ላይ የተደረገ ንግግር

(ባለፈው ቅዳሜ ሰበታ ላይ ለእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችና ለላብራቶሪ ባለሙያዎች የተናገርኩት ነው። ወደ ጽሑፍ ሳመጣው ጥቂት ድግግሞሽ ቀንሻለሁ። ሌላውን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን አደራችሁ።

ከአየር ጤና እዚህ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኛል። ዓለም ገና ላይ መኪናው አልንቀሳቀስ አለ። የታክሲው ረዳት ሥራ ሲፈታ ወሬ ጀመረኝ። "ሰበታ ምን አለሽ እህቴ?" አለኝ። "ስለ አይጥ ላወራ ነው" አልኩት። "ስለ አይጥማ እኛ ቤት ነይ፣ ሞልተውልሻል" አለኝ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

እናቴም ከሱ አትሻልም። አሜሪካ ለሬዚደንሲ የሄድኩ ጊዜ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ለስፔሻሊቲ ሄዳለች" ትል ነበር። የምን ስፔሻሊቲ ሲሏት ግን ወሬ ትቀይራለች። አንድ ቀን በስልክ አፋጠጠችኝ። "አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ የአይጥ ሐኪም ልትሆኚ ነው?" አዎ እማዬ አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና "እኛ እኮ መርዝ ገዝተን ነው የምንገድላት" አለች።

ስለዚህ የቤተ ሙከራ እንስሳት ሐኪም ምን እንደሚሠራ ዛሬ ለእናቴ እንደማስረዳት አድርጌ ላስረዳችሁ ነው። የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከአንድ ስህተት ልጀምር። ቦታውን አልናገርም። ሬዚደንሲ ከመሄዴ በፊት አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ጀማሪ ሆኜ እሠራ ነበር። አንድ ተመራማሪ የአንድ ባህላዊ መድኃኒት ቅጠል ጭማቂ መርዝ አለው ወይስ የለውም የሚለውን በአይጥ ይፈትን ነበር። አይጦቹ እዚህ አገር ሁላችንም የምናውቃቸው ነጮቹ ስዊስ አልቢኖ ናቸው። አንድ ኬጅ (የአይጥ ማኖሪያ ሳጥን) ውስጥ 5 አይጥ፣ ዝቅተኛ መጠን። ሌላ ኬጅ ውስጥ 5 አይጥ፣ መካከለኛ መጠን። ሦስተኛው ኬጅ 5 አይጥ፣ ከፍተኛ መጠን። መድኃኒቱ ሐሙስ ተሰጠ። ዓርብ ስቅለት ነበር።

አይጦቹን የሚንከባከቡት ጋሼ ለፋሲካ አገር ቤት ሄደዋል። የተተካው ልጅ ቅዳሜ ብቅ ብሎ አየ። ምግቡ ሙሉ ነው። የውሃው ጠርሙስ ሙሉ ነው። በሩን ዘግቶ ሄደ። በሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር።

ሰኞ ስንገባ ከፍተኛ መጠን የወሰዱት አምስቱም ሞተዋል። የሌሎቹ ኬጆች አይጦች ደህና ናቸው። መዝገቡ ላይ ምን ተጻፈ? "በከፍተኛ መጠን፣ ከ5 አይጦች 5 ሞት።" ለማንም ግልጽ የሚመስል ውጤት ነው። መጠኑ ሲጨምር ሞት መጣ፣ ቅጠሉ መርዛማ ነው፣ በቃ። ጥናቱ እዚያ ላይ ቆመ።

ይህ ከሆነ ከዓመታት በኋላ፣ ሬዚደንሲ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር፣ አንድ አስተማሪዬ ኬጅ ፊት አቁመው "መጀመሪያ ምን ታያለሽ?" አሉኝ። አይጧን አልኩ። "አይደለም። መጀመሪያ ጠርሙሱን እዪ" አሉ። አንድ አይጥ በቀን ወደ 4 ሚሊ ሊትር ውሃ ትጠጣለች። አምስት አይጥ በሦስት ቀን ወደ 60 ሚሊ ሊትር ትጨርሳለች። ከሦስት ቀን በኋላ ሙሉ የሆነ ጠርሙስ ደግ ምልክት አይደለም። የመጠጫው ቱቦ በአየር ወይም በቆሻሻ ተደፍኗል ማለት ነው። ውሃ ያጣች አይጥ ደግሞ ምግብም ትተዋለች። ስለዚህ የምግቡም ሙሉ መሆን ያው ምልክት ነው።

እዚያው ቆሜ ያ ሰኞ ትዝ አለኝ። የዚያች ኬጅ ጠርሙስ ሙሉ ነበር። በእጄ አንስቼ፣ ውሃውን ደፍቼ፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል የለ? እኛ ጋ አይጥ በተጠማች ቅጠል ተመታ። ቅጠሉ መርዝ ይኑረው አይኑረው እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም። ሌላም ስህተት ነበረን። ከፍተኛ መጠን የወሰዱት ሁሉ አንድ ኬጅ ውስጥ ነበሩ። አንድ ጠርሙስ ሲበላሽ ቡድኑ በሙሉ ይሞታል፣ ወረቀት ላይ ግን የመድኃኒቱ ሥራ ይመስላል። አይጦቹ ተደበላልቀው በየኬጁ ተከፋፍለው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ያን ዕለት ይታወቅ ነበር።

የቤተ ሙከራ እንስሳት ሐኪም ምን ይሠራል ለሚለኝ ሰው ይህን እነግረዋለሁ። እንስሳው የታመመው በሙከራው ነው ወይስ በእኛ? ይህን የሚለይ ሰው ነው። እንስሳውን ከማይገባው ስቃይ መጠበቅና ውጤቱን ከውሸት መጠበቅ አንድ ሥራ ነው። ሁለት የሚመስለው ሰው እንስሳት ክፍል ገብቶ የማያውቅ ነው።

አሁን ስለ ሙያው ትንሽ ታሪክ። በአሜሪካ የቤተ ሙከራ እንስሳት ይዘው የሚሠሩ ሐኪሞች ቺካጎ ላይ በ1950 ማኅበር አቋቋሙ። በ1957 ደግሞ የስፔሻሊስቶቹ ኮሌጅ ተመሠረተ፣ ዛሬ የአሜሪካ የቤተ ሙከራ እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚባለው ነው። ኮሌጅ ሲባል ግቢና ሕንጻ ያለው ትምህርት ቤት እንዳይመስላችሁ። ፈተና የሚያወጣና ማዕረግ የሚሰጥ የባለሙያዎች ስብስብ ነው። አውሮፓውያኑ የራሳቸውን በ2000 አቋቋሙ። በመሀል በ1959 ሁለት እንግሊዛውያን፣ ራስልና በርች፣ ዛሬም የምንመራባቸውን ሦስት ነገሮች አስቀመጡ። ከተቻለ እንስሳውን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ካልተቻለ ቁጥሩን መቀነስ፣ በቀሩት ላይ ደግሞ አያያዙን ማሻሻል።

መተካት ሲባል ሕልም የሚመስላችሁ ካላችሁ የእብድ ውሻ በሽታን አስቡ። ድሮ ውሻው በርግጥ አብዶ እንደነበር ለማወቅ የአንጎሉ ናሙና አይጥ አንጎል ውስጥ ይወጋል። ከዚያ እስከ 28 ቀን ይጠበቃል። የተነከሰው ልጅ ቤተሰብ ያን ሁሉ ቀን ምን እንደሚሆን አስቡት። ዛሬ ናሙናው በሚያበራ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። መልሱ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። አይጥም አልሞተች፣ እናትም 28 ቀን አልተጨነቀች።

ስለ አሜሪካ ሕግ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። በ1965 ፔፐር የምትባል ውሻ ከባለቤቶቿ ተሰርቃ ተሸጠች፣ ሙከራ ላይም ሞተች። አገሩ ተቆጣ። በዓመቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ወጣ። ግን በዚህ ሕግ ትርጉም ለምርምር የተራባች አይጥ "እንስሳ" አይደለችም! ላብራቶሪውን የሞላችው እሷ ሆና ሳለ ማለት ነው። አይጦቹን የሚሸፍነው በመንግሥት የምርምር ገንዘብ ላይ የተጣለው ሌላ ግዴታ ነው። ለእናቴ ይህን ብነግራት "አላልኩሽም?" ትለኛለች።

ወደ ሬዚደንሲው እንምጣ። የእንስሳት ሕክምና ዶክትሬት ከጨረስክ በኋላ እንደየቦታው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው። የሰው ሐኪሞች ሬዚደንት ሲሆኑ እንደምታዩት ነው፤ እየሠራህ ትማራለህ፣ ከላይህ ስፔሻሊስት አለ። ጠዋት በየክፍሉ ትዞራለህ። አዟዟሩ ሥርዓት አለው። ከንጹሑ ክፍል ተጀምሮ በሽታ አለበት ተብሎ ወደሚጠረጠረው ነው የሚኬደው፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። አንዴ ስልኬን ረስቼ ልመለስ ስል በሩ ላይ አስቁመውኛል። ስልኬን ያገኘሁት ማታ ነው።

ከዜብራ ዓሣ እስከ በግ ድረስ ታክማለህ። ጥንቸል ስትይዝ የኋላ እግሯን ካልደገፍክ ተራግጣ የራሷን ወገብ ትሰብራለች። ለጊኒ ፒግ ቫይታሚን ሲ ካልሰጠኸው ይታመማል፣ ልክ እንደ እኛ ሰውነቱ አይሠራውም። ያንኑ ጊኒ ፒግ ፔኒሲሊን ብትሰጠው ደግሞ የአንጀቱ ባክቴሪያ ተዛብቶ ሊሞትብህ ይችላል። ለላም የለመድነውን እጅ እዚህ ይዘን ብንገባ እንገድላለን። እኛ በአማርኛ ትንሿንም ትልቁንም አይጥ ብለን እንገላገላለን፣ ቢበዛ ትልቁን አይጠ መጎጥ እንላለን። ላብራቶሪ ውስጥ ግን ሁለቱ የተለያዩ እንስሳት ናቸው፤ በሽታቸውም ጠባያቸውም ይለያያል።

አስከሬን መመርመር አለ። ማደንዘዣና ቀዶ ጥገና አለ። ጠባቂ አይጦች የሚባሉ አሉ፤ የሌሎቹ ኬጆች ቆሻሻ ጉዝጓዝ ይሰጣቸውና፣ ክፍሉ ውስጥ በሽታ ካለ እነሱ ላይ ይገኛል። ሙከራ ከመጀመሩ በፊት የሚያይ ኮሚቴ ውስጥ ትቀመጣለህ። አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ተቋም ኮሚቴው ቢያንስ 5 ሰው አለው። ከነሱ አንዱ የእንስሳት ሐኪም፣ አንዱ ሳይንቲስት ያልሆነ፣ አንዱ ደግሞ ከተቋሙ ጋር ምንም የማይነካካ ሰው መሆን አለበት። ከዚህ ሁሉ ጋር የራስህን ምርምር ሠርተህ፣ ስምህ መጀመሪያ የተጻፈበት ጽሑፍ በባለሙያ በሚገመገም መጽሔት ላይ ታሳትማለህ። መጨረሻ ላይ ፈተናው አለ። ስለ ፈተናው ባላወራ ይሻላል።

በጣም የከበደኝ ግን ፈተናው አልነበረም። "ቁም" ማለት ነው። ሐኪሙ እንስሳ ሲሰቃይ ካየ ሙከራውን የማስቆም ሥልጣን አለው። አሁን አስቡት። ከኢትዮጵያ የመጣች ልጅ፣ አስተማሪ ሲገባ ተነስታ የምትቆም፣ ሽበታም ፕሮፌሰር ፊት ቆማ "ይህች አይጥ ዛሬ ትሙት፣ እስከ ሰኞ አንጠብቅም" ልትል። መጀመሪያ ሰሞን ድምፄ አይወጣም ነበር። የተማርኩት ዘዴ ይህ ነው፤ ጠቡ ከመምጣቱ በፊት ሥራውን መጨረስ። ክብደቷ ይህን ያህል ሲቀንስ፣ መንቀሳቀስ ስታቆም፣ ያኔ ይበቃል የሚለው ነጥብ ሙከራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይቀመጣል። ፕሮፌሰሩ ፈርመውበታል። እኔ የማስታውሳቸው ብቻ ነው። ለእኛ ባህል ይህ በጣም የሚስማማ ይመስለኛል። ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ከመጋፈጥ የራሱን ቃል ማስታወስ ይቀላል።

ሕመሟን በምን ታውቂያለሽ የሚለኝ አለ። አይጥ አታቃስትም። ለድመት ምግብ የሆነ እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል። ግን ፊቷ ይናገራል። ዓይኗን ታጠባለች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትስባለች፣ ጉንጯና አፍንጫዋ ይወጠራል። ካናዳ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን በ2010 በነጥብ የሚለካ አድርገውታል። እነዚያው ሰዎች በ2014 ሌላ ነገር አሳተሙ። ክፍሉ ውስጥ ወንድ ተመራማሪ ሲኖር አይጦቹ ስለሚጨነቁ የሕመም ምልክታቸው ይቀንሳል። ወንድ የለበሰው ካናቴራ ክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ ራሱ ያው ነው። ወንዶች አትቀየሙኝ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ቅንጦት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ስለ እንዶድ ላንሳ።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተኝተዋል። ብልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ደግሞ ቀንድ አውጣ ነው። ገበሬው ጓሮ የሚበቅል፣ በገንዘብ የማይገዛ መድኃኒት ተገኘ ማለት ነው። በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ተቀበሉበት። ከግኝቱ እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት ነው። ያን ያህል ዓመት ምን ሲደረግ ነበር? አንዱ ማነቆ የመርዛማነት ጥናት ነበር። ዓለም አቀፍ ድርጅቶቹ እዚህ የተሠራውን አልተቀበሉም፤ በታወቀው የላብራቶሪ አሠራር መስፈርት ይሠራ አሉ። ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው የነገሩ ሥር ሌላ እንደሆነ ይናገሩ ነበር፤ ከእኛ አገር ጥሩ ሳይንስ ይወጣል ብሎ ማመን የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ ነበር የሚሉት። ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ግን ንቀቱን ለብቻው መታገል አይቻልም። ሰውየው "አይጦቻችሁ በሽታ እንዳልነበረባቸው በምን አውቃለሁ?" ሲል መዝገብ ከፍቶ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እናንተ ናችሁ።

እዚህ አካባቢ ደግሞ ከውጭ መጽሐፍ የማናገኘው የራሳችን ጣጣ አለ። አንደኛው ሰጋቱራ ነው። ለአይጦቹ የምናነጥፈውን ከየት ነው የምናመጣው? ከእንጨት ሥራ ቤት። የምን እንጨት ነው? ማንም አይጠይቅም። በ1967 የወጣ አንድ ጥናት የቀይ ጥድ ሰጋቱራ ላይ የተኙ አይጦች ማደንዘዣ ሲወጉ ቶሎ እንደሚነቁ አሳየ። ምክንያቱም ከእንጨቱ የሚወጣው ሽታ ያለው ነገር ጉበታቸውን አነቃቅቶ መድኃኒቱን ቶሎ ያስወግደዋል። የእኛ የሐበሻ ጥድ የዚያው እንጨት ወገን ነው። እንግዲህ አንዱ ተማሪ ጥድ ላይ፣ ሌላው ባሕር ዛፍ ላይ ያስተኛቸውን አይጦች እያወዳደረ "መድኃኒቱ ሠራ" ቢለን ምን እንለዋለን?

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የኖረ እንስሳ አየሩ ስስ ስለሆነ ቀይ የደም ሴሉ ይበዛል። መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር ይዘህ "ይህ አይጥ ደሙ ወፈረ፣ ታሟል" እንዳትል። የራሳችንን ቁጥር ለክተን መያዝ አለብን። ይህ ለአንድ ሬዚደንት ግሩም የምርምር ርዕስ ነው፤ ደግሞ ርካሽ ነው።

ሦስተኛው መብራት ነው። ስለ እሱ እናንተው ታውቃላችሁ። አየር የሚያዞር ማሽን ያለው ኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ጄኔሬተሩን አስቡ። መብራት ሲጠፋ ከምትታፈን አይጥ፣ በተራ ኬጅ መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ ያለችው ትሻላለች።

አይጦቹን ይንከባከቡ ስለነበሩት ጋሼም ልንገራችሁ። በየዓመቱ ሲያስነጥሱ፣ ዓይናቸው ሲያለቅስ ነበር። "ሳይነስ ነው፣ ብርድ አይስማማኝም" ይሉኛል። እኔም ነጭ ሽንኩርት ብሉ እል ነበር፣ ዶክተር ተብዬ! በሬዚደንሲው ስለ ሠራተኛ ጤና ስንማር ነው የገባኝ። አይጥ ሽንት ውስጥ ያለ ፕሮቲን አቧራው ላይ ተጣብቆ አለርጂ ያመጣል። አንዳንዱ ላይ ወደ አስም ይሄዳል። ደህና ማስክና ጓንት ቢኖራቸው ኖሮ ብዙ ይረዳቸው ነበር። ስመለስ ጡረታ ወጥተው አገኘኋቸው። ማሳሉን ግን አልተዉም።

እዚህ አገር ሬዚደንሲ እንጀምር ስል ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሕንጻ ነው። ሕንጻ አልፈልግም። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ ከ1979 ጀምሮ ሐኪም ያሠለጥናል። እዚያው ክትባት የሚሠራው ብሔራዊ ኢንስቲትዩት አለ፣ ከ1964 ጀምሮ። እዚህ ሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ እንስሳት የሚጠቀሙ የምርምር ተቋማት አሉ። ሦስት ሬዚደንት ወስዶ በነዚህ መካከል ማዞር ይቻላል። ለአስተማሪነት ውጭ ካሉ ስፔሻሊስቶች በኢንተርኔት ይታገዛል። የሚያስፈልገው መጀመሪያ ሁለት ነገር ነው። አንድ፣ በየኬጁ ማን መቼ እንዳየው የሚጻፍበት መዝገብ። ሁለት፣ ለበዓል ተረኛ የሚከፈል አበል። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። ያ የፋሲካ አበል ቢኖር ኖሮ ዛሬ ስለ አንድ ቅጠል የሆነ ነገር እናውቅ ነበር።

ጥያቄ እወስዳለሁ። ከዚያ በፊት ማስታወቂያ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አይጥ አያያዝ በተግባር እናያለን። በጅራት ማንሳት የለመዳችሁ እርሱት፤ በእጅ መዳፍ ወይም በቱቦ ነው የምናነሳት፣ ጅራት ስንይዛት በጣም ትፈራለች። ዝግ ጫማ አድርጉ። ቤታችሁ አይጥ የሚያሳድድ ድመት ካለ ልብሳችሁን ቀይሩ። ሽቶም ሳትቀቡ ኑ። ወንዶችም ኑ፣ ግድ የለም፣ አይጦቹ ይለምዷችኋል።